ለእማማ ጫልቱ ያልተነፋው ጥሩምባ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልተናገርኩም። ለእናንተ ስጽፈው እንኳ በሩ የተንኳኳ እየመሰለኝ ሁለቴ ተነሳሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ሸማ ተራ ነጠላ እየሸጥኩ ከራጉኤል ጀርባ እኖር ነበር። እዚያው ግቢ መምህር ገመቹ ከእናቱ ከእማማ ጫልቱ ጋር ተከራይቷል። ፕሮቴስታንት ነው፤ ሰፈሩ «ጸረ ማርያም» ይለዋል። እሁድ እሁድ ጓደኞቹ ተሰብስበው ስለ አንድ የስዊስ ሊቅ መጽሐፍ ይከራከራሉ። እኔ ፊደል በራሴ የቆጠርኩ ሴት፣ ጨዋታ ስለምወድ፣ ደጃፉ ላይ ጥጥ እየፈተልኩ እሰማለሁ። «እትዬ ዘነበች፣ ይግቡ እንጂ!» ይለኛል ገመቹ፤ ያስረዳኛል።

ሊቁ፣ ሰው ከእግዚአብሔር በሃይማኖቱ ውስጥ ሊሸሸግ ይችላል፣ ያን ጊዜ ሃይማኖትም ክህደት ነው ይላል አሉ። ገመቹ ይህን ካነበበ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። ድሮ የእኛን ጾምና ስእለት ይነቅፍ የነበረው፣ አሁን የገዛ ጓደኞቹን ያፋጥጣል። «ከእኛው ጀምሮ! መዝሙራችን መሸሸጊያ ሆኖብን ቢሆንስ?» ይላቸዋል። ገብቶኝ ነበር። አዎ፣ በደንብ ገብቶኝ ነበር።

ታዲያ ምን ነካኝ? ከእድሩ ሴቶች ጋር ሽንኩርት ስንከትፍ፣ «አንቺ ወሬኛ፣ ጸረ ማርያሙ ምን አዲስ ነገር አመጣ?» አሉኝ። ዓይን ሁሉ እኔ ላይ ሲሆን እወዳለሁ። «ሃይማኖት ክህደት ነው ይላል!» አልኩ። «ከእኛው ጀምሮ» የምትለዋን አስቀረኋት። ረስቼ ነው? አይደለም። አፌ ላይ ነበረች፤ ጨዋታው እንዳይበላሽ ዋጥኳት።

ወሬው የእድሩ ዳኛ ጋ ደረሰ። ያ እስላም ክርስቲያን ሳይል ሁሉን የሚቀብር እድር ገመቹን ከነእናቱ ሰረዘ። ሲሰርዛቸው ስብሰባው ላይ ነበርኩ። እኔ ነበርኩ፣ እኔ ዝም አልኩ።

ከዚያ እማማ ጫልቱ ሞቱ። ያን ማለዳ ጥሩምባ አልተነፋም። ድንኳን አልተተከለም። እኔ በሬን ቆልፌ በቀዳዳ አያለሁ። እነዚያው ጓደኞቹ ሬሳ ሳጥኑን ተሸክመው ሲያልፉ፣ አንዱ «ጎረቤት እንኳ አይወጣም?» አለ።

«ጥሩምባ ስላልተነፋ እትዬ ዘነበች አልሰሙም» አለው ገመቹ። «ቀስ ብለን እንለፍ፣ አንረብሻቸው።»

ዛሬም ጥሩምባ ሲነፋ ተነስቼ በሬን እከፍታለሁ። ይቅር በለኝ ለማለት አፍ የለኝም። ሰምቼ ነበር፣ ገመቹ። ያኔም፣ ከዚያም በፊት፣ ሁሉንም ሰምቼ ነበር።