ሶፋ ሰሪዋ መቀመጥ ሲሰለቻት

መሳቢያውን ነቅላ አልጋው ላይ ዘረገፈችው። ክር፣ የተሰበረ መቀስ፣ የሟች ባሏ የቆመ ሰዓት፣ የመድኃኒት ማዘዣ። ፓስፖርቱ የለም። ፍራሹን አነሣች። የለም።

ልጇ በሩን ተደግፎ ዳቦ ይገምጣል። የታክሲ ሹፌር ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ሰዓት ቤት ተገኝቶ አያውቅም።

«ምን ጠፋብሽ፣ እማዬ?»

«የምታውቀው ነገር።»

«እኔ ምን አውቄ።»

ጆሮውን እያከከ ወጣ። ሲዋሽ ጆሮውን እንደሚያክ ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቃለች።

ሰፈሩ «ካርታ» ይላታል። ሥራዋ ሶፋ ማደስ ነው፤ ሞላው የላላ፣ ስፖንጁ የተጨፈለቀ ወንበር ይገባላታል፣ አዲስ ሆኖ ይወጣል። ባሏ በሞተ በዓመቱ ሱቋን ቆልፋ ብቻዋን አገር ለማየት ሄደች። ዘመድ ለመጠየቅ አይደለም፣ ለንግድም አይደለም። ያውም ሰው ሁሉ የሚሄድበትን አገር ሳይሆን፣ ቲኬት ሻጯ ራሷ «ይሄ ደግሞ የት ነው?» ብላ የጠየቀቻትን። ከዚያ ወዲህ ዓመት ጠብቃ ትሄዳለች። አስጎብኚ የላትም። አንድ ሻንጣ፣ አንድ የጎበጠ መርፌ፣ ጠንካራ ክር። ሆቴል በሌለበት የሰው ወንበር ጠግና ታድራለች። ቋንቋውን እንዴት አድርገሽ ነው ሲሏት፣ «የተቀደደ ወንበር ሳይ መርፌዬን አወጣለሁ፤ የቀረውን እነሱ ይጨርሱታል» ትላለች። ለምን ትሄጃለሽ ለሚላት ደግሞ መልሷ አንድ ነው።

«ሠላሳ ዓመት ለሰው መቀመጫ ሠራሁ። እኔ ግን መቀመጥ ሰለቸኝ።»

ባለፈው ዓመት ነገር ተበላሸ። ከአንዲት ሩቅ ደሴት የሚመልሳት ጀልባ ሞተሩ ተቃጠለ። መለዋወጫ እስኪመጣ፣ ስልክ በሌለበት፣ የጤና ጣቢያውን ወንበሮች ስትሰፋ ቆየች። እዚህ ልጇ የሚደውልበት አጣ። የመመለሻዋ ቀን አለፈ፤ ሳምንት ተጨመረበት። እህቷ ጥቁር ለብሳ መጣች። ካርታ ተመልሳ ይህን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ለደንበኛው ሁሉ አወራችው። «ሞቼ ሳልጨርስ ልብስ ቀይራ ጠበቀችኝ።»

ዘንድሮም ወደዚያው ባሕር ነው፣ ከዚያም ወዲያ ወዳሉት ደሴቶች። ግድግዳው ላይ በለጠፈችው ካርታ ላይ የዝንብ ኩስ ያክላሉ። የምትፈልገው ጫፍ ላይ ያለችውን፣ ጀልባ ሲገኝ ብቻ የሚኬድባትን ነው። በመርፌ ወግታ ለልጇ አሳይታዋለች፤ «ከዚህ ወዲያ ውሃ ብቻ ነው» ብላው ነበር። አውሮፕላኑ በወር አንዴ ይበራል። የሐሙሱ ካመለጣት ቪዛው ይቃጠላል።

ከሰዓት በኋላ እህቷ መጣች። ልጇ እንደጠራት ግልጽ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ከአገሩ የወጣ ቢጭኑት አህያ፣ ቢለጉሙት ፈረስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። አንቺስ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ልጆችሽ ስንት ዓመት ጫኑሽ?»

«ቀልጂ። ሰው በማያውቀው አገር ብትሞቺስ?»

«ያን ጊዜ ጥቁሩን ልብስ ታወጪዋለሽ። ተተኩሶ ተሰቅሎ የለ?»

እህቷ ሳቋን ዋጠች። ካርታ አሮጌ ወንበሯ ላይ ዘፍ ስትል አንድ ነገር ከሥሯ ቆረቆራት።

እህቷ እስክትሄድ ጠበቀች። ከዚያ የመቀመጫውን የኋላ ስፌት ጎንበስ ብላ አየችው። ራሷ በቡናማ ክር ነበር የሰፋችው። አሁን አንዱ ጠርዝ በጥቁር ክር፣ ዶሮ እንደጫረችው፣ ተጥመልምሎ ተይዟል። በጣቷ ዳሰሰችው። ጠንከር ያለ፣ አራት ማዕዘን። የሶፋ ሰሪ ፓስፖርት ወንበር ውስጥ ሰፍቶ የሚደብቅ ልጅ መውለዷ ገረማት።

የሥራ መቀሷ አጠገቧ ነው። አነሣችው፤ መልሳ አስቀመጠችው። ብትተረትረው ሐሙስ ትሄዳለች። ስትመለስ ግን በሩን የሚከፍትላት ልጅ መኖሩን እንጃ። የሰፋው እሱ ነው፤ እሱው ይተርትረው። ሆድ ይፍጀው ብላ ተቀመጠችበት።

እሑድም ሰኞም ተቀመጠችበት። ልጇ ሲገባ ሲወጣ ያያታል።

«እማዬ፣ ወደ ሶፋው ብትሄጂ አይሻልሽም?»

«ተመችቶኛል።»

«ወገብሽን ያምሻል።»

«ወገቤ የራሴ ነው።»

ረቡዕ ለምሳ ሲመጣ እዚያው ናት። ሻንጣዋ ተዘግቶ በሩ ሥር ቆሟል። ሻንጣውን አየ፣ ወንበሩን አየ፣ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ታውቂያለሽ?»

«ከቅዳሜ።»

«ታዲያ ለምን አላወጣሽውም?»

«እኔ አልሰፋሁትማ።»

 ጆሮውን አላከከም።

«አክስቴ ጥቁር ለብሳ ስትመጣ በሩን የከፈትኩላት እኔ ነኝ» አለ። «አንቺ ለሰው ሁሉ እየሳቅሽ ታወሪዋለሽ። እኔ ያን ቀን ምን ለብሼ እንደነበር ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ጠይቃው አታውቅም። አሁንም አልጠየቀችም፤ እሱም ጥቁር ለብሶ እንደነበር ገባት። የወንበሩን ክንድ በመዳፏ ስታሻሽ ቆየች።

«ከደሴቶቹ ትልቁ ላይ ስልክ አለ» አለች በመጨረሻ። «ከሱ አላልፍም።»

ልጇ ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለችውን መርፌ አየ።

«ጫፏስ?»

«አላልፍም አልኩህ።»

ከወንበሩ ተነሣችለት። መቀሱን ይዞ ጨርቁን ሊቦጭቀው ሲል ግን ዝም ማለት አቃታት።

«ቀስ። ጨርቁን አይደለም፣ ክሩን። ምን ዓይነት ስፌት ነው ይሄ? አዞ የነከሰው ይመስላል።»

«መቼ አስተማርሽኝ?»

ክሩን አንድ በአንድ ሲተረትር አጎንብሳ አየችው። ፓስፖርቱ የስፖንጅ ብናኝ ለብሶ ወጣ። በሸሚዙ ጠርጎ ሰጣት። ከዚያ ምሳ በሉ።

ሐሙስ ሄደች። ከትልቁ ደሴት በየማታው ደወለች፤ በሰላም ተመለሰች። ጫፍ ላይ ያለችውን ደሴት አላየቻትም።