የትራንስፎርመሩ አሻጥረኛ

በሰማንያ አንድ ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ ኮልፌ ባለው የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያ ትልቁ ትራንስፎርመር በጠራራ ፀሐይ ያጉረመርም፣ ይግል ጀመር። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ በዛብህ ለመፍረድ ጊዜ አልፈጀበትም። “አሻጥር ነው!” አለና ተረኛውን ጋሽ ገረሱን ዘብ ቤት አስቆለፈባቸው።

የጣቢያው ኢንጂነር ጽጌማርያም ይህን ስትሰማ ቱግ አለች። ፀሐይ ስትቆጣ የምድር መግነጢስ ይናወጣል፤ ንውጥውጡም በመሬት ሽቦ በኩል ትራንስፎርመር ውስጥ የሚገባ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ይህንን በስሌት ለመተንበይ ስትደክም፣ “የፈረንጅ ተረት” እያሉ ሲያሾፉባት ነው የኖሩት።

“ጓድ በዛብህ፣ እርስዎ የመሬት ሽቦው መለኪያ ዘንድ ይቁሙ። እኔ መለኪያውን ሳላይ፣ ቢሮዬ ሆኜ፣ መርፌው ስንት ላይ እንዳለ እነግርዎታለሁ” አለችው።

የመግነጢሱ ማዕበል ገና አልበረደም። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የምድርን መግነጢስ የምትከታተለው ጓደኛዋ ወለተጻድቅ የለውጡን መጠን በስልክ ነገረቻት። ጽጌማርያም ፈጥና አሰላችና በመስኮት ጮኸች፤ ጩኸቷ ገበያው ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

“ዘጠኝ አምፔር!”

ካድሬው መርፌውን አየ። መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አየ። ዘጠኝ።

ጥቂት ቆይታ “አራት!” አለች፤ አራት ሆነ። “አሥራ አንድ!” ስትል መርፌው አሥራ አንድ ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ሠራተኛው ግቢውን በጭብጨባ አናጋው።

ጋሽ ገረሱ ከዘብ ቤት ሲወጡ እንኳ ለካድሬው ነገሩ አልተዋጠለትም።

“ታዲያ ጥፋተኛው ማን ሊባል ነው?”

ጽጌማርያም ጣቷን ወደ ፀሐይ ቀሰረች።

“ያቻትልዎት! ከቻሉ ወጥተው ይሰሯት!”