የእሱ ድምፅ አይደለም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ጾም በገባ ቁጥር ከፊታቸው ተንበርክኬ ተራ ተራውን ኃጢአት እዘረግፋለሁ፤ ይህችን ግን እንደ ሌባ ደብቄ እመለሳለሁ። እንግዲህ እናንተ ስሙኝ። ብቻ አትዘኑልኝ፤ ሰው ሲያዝንልኝ ደሜ ይፈላል።

ላሊበላ አስጎብኚ ነኝ። ከዓመታት በፊት ሦስት ቀን ያስጎበኘሁት ፈረንጅ ሲሰናበተኝ ሄቪ ሜታል የሚሉትን የጩኸት ሙዚቃ፣ ሦስት አልበም፣ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። የመጀመሪያውን ጠላሁት፤ ከበሮው ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ነው፣ ጆሮ ይደበድባል እንጂ የትም አያደርስም። ሁለተኛው ግን ያዘኝ። ጊታሩ ዝግ ብሎ እየተጎተተ ሲነዝር በዐቢይ ጾም የሚደረደረውን በገና አስታወሰኝ። ሦስተኛው ላይ ዘፋኙ አይዘፍንም፣ ያጓራል። መጀመሪያ ሳቅሁበት። ሰባተኛው ዘፈን ላይ ስደርስ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነም አላወቅሁም። ኋላ ግጥሙን ፈልጌ ሳነበው ሰውየው እናቱን ቀብሮ ነው የሚያለቅሰው። ሰይጣን የሚባል ነገር አልነበረበትም።

ይህን ሁሉ ያካፈልኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለአብሮ አደጌ ለዲያቆን መላኩ። የቄስ ልጅ፣ ድምፁ የተመሰገነ፣ ቅስና ለመቀበል የተቃረበ። እኔ ጩኸት ያልኩትን እሱ እንደ ዜማ ተማሪ ሰማው። «ይኼ ከጉሮሮ አይደለም እኮ፣ ከሆዱ ነው የሚያወጣው» አለና ያጓራ ጀመር። ደግሞ ቻለበት።

አንድ ቅዳሜ የጆሮ ማዳመጫውን በጋቢው ሸፍኖ እያጓራ መንገድ ሲሄድ፣ ምን ያህል እንደሚጮህ ለራሱ አይሰማውም፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ደረሱበት። ዲያቆን እንደዚያ ካጓራ እኛ ዘንድ ስሙ አንድ ነው፤ ያደረበት ክፉ መንፈስ ለፈለፈ ይባላል። ስልኩ በግርግሩ ወድቆ ጠፋ፤ እሱን በዚያው ጠበል ወሰዱት።

መላኩ አልዋሸም። «ዘፈን ነው፣ ከጓደኛዬ ስልክ የወሰድኩት ነው» አላቸው። ማን ይመነው? አንዴ መንፈስ አለበት ከተባለ የሚናገረው ሁሉ የመንፈሱ ነው፤ መንፈስ ደግሞ ይዋሻል። እውነቱ ከሌላ ሰው አፍ መምጣት ነበረበት፤ ያም ሰው እኔ ነበርኩ።

አባቱ አስጠሩኝ። «ልጄ፣ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ይኼ የመላኩ ድምፅ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም አባ። የእሱ ድምፅ አይደለም።»

እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አውጥቼ ባሰማቸው ያልቅ ነበር። ምን ፈራሁ? ፈረንጅ ያመጣበትን ሰይጣን በቄስ ልጅ ላይ አጋባ እንዳይሉኝ፣ ከደብሩ በር እንዳያባርሩኝ። ለእንጀራዬ። ደንግጬ ነው እንዳልል አልደነገጥኩም፤ አስቤ ነው የዋሸሁት። ሰዎቹንም እንዳትወቅሱብኝ። እነሱ ጠይቀዋል፤ የሚያውቅ ነው ብለው እኔን ጠይቀዋል። ምነው ያን ቀን አፈር በበላሁ።

ሦስት ወር በላስታ ብርድ ጎህ ሲቀድ ውሃ ወረደበት። ደረቱን መታው፣ ድምፁ ሄደ፣ ቅስናው ቀረ። አሁን ኩልመስክ ዘመዶቹ ዘንድ ያርሳል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይሉናል። የታለ የጠራው? ይኼው ስንት ዓመት አደረ። የሚያውቀው ሰው አፉን ካልከፈተ እውነት እንደ ደፈረሰ ይኖራል፣ እኔም ደፍርሼ እኖራለሁ።

በቀደም ለሥራ ወርጄ ኩልመስክ ገበያ ላይ አገኘሁት። አቅፎ ሳመኝ። በዚያ በሻከረ ድምፁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ያኔ እኔ ራሴ አላመንኩም ነበር እኮ። ዘፈን ነው እያልኩ ስከራከራቸው ከረምኩ። የእሱ ድምፅ አይደለም ማለትህን ሲነግሩኝ ነው መንፈስ መሆኑን የተቀበልኩት። ከአንተ በላይ ማን ያውቀኛል? አንተ ነህ ያዳንከኝ። እግዜር ይስጥህ።»

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። እኔ ያን ሰዓት፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ «አሜን» ብዬዋለሁ።