«መብራቱን አጥፊልኝ»

በዚያ ቅዳሜ ጄኔቫ ውስጥ ለዛቫንሼ በሚባል ሰፈር በነበረው ቤታችን አምስት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ባለቤቴ ተስፋዬ፣ ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ሊያ፣ ከካሩዥ ሰፈር በትራም የመጡት ጡረተኛዋ እማማ አስካለ፣ እና የኤሌክትሪክ ሥራ ይማር የነበረው ኤርሚያስ። ዛሬም የተቃጠለ ፕላስቲክ በሸተተኝ ቁጥር አምስታችንም እዚያች ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሆነን ይታየኛል።

ኤርሚያስ ወደዚህ አገር ብቻውን የመጣ ወጣት ስለነበር ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ዘንድ ምሳ ይበላ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አራቱን ቀን ከሠራተኞች ጋር ውሎ፣ በወሩ መጨረሻ ደመወዝ እንደሚቀበል፣ መብቱንም የሠራተኛ ማኅበሩ እንደሚያስከብርለት ይነግረን ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝና፣ እየተማሩ መከፈል ገርሞኝ ደጋግሜ እጠይቀው ነበር። የሊያ ጥያቄ ሌላ ነበር፤ ኮረንቲ ሽቦው ውስጥ ሲሄድ ይሰማል ወይ፣ እኛ ስንተኛስ የት ያድራል እያለች ምሳውን ታስረሳው ነበር።

ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲገባ የወጥ ቤቱ ሶኬት ብልጭ ብልጭ ይል ጀመር። ቤቱን ለሚያስተዳድረው ቢሮ መደወል ሲገባኝ፣ በፈረንሳይኛ ማስረዳቱን ፈርቼ ኤርሚያስን ለመንኩት። እሱም እምቢ ማለት ከብዶት የሶኬቱን ክዳን ፈታና፣ ልርዳህ እያለች ያስቸገረችውን ሊያን «መብራቱን አጥፊልኝ» አላት። ማለቱ ኮሪደሩ ላይ ካለው ሳጥን የቤቱን ኮረንቲ በሙሉ ነበር፤ እኛ ሁሉንም መብራት አይደል የምንለው። እዚህ የተወለደችው ልጄ ግን መብራት ሲባል የምታውቀው አምፖሉን ብቻ ስለሆነ፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ማጥፊያ ቀጭ አደረገችው። አምፖሉ ሲጠፋ ኤርሚያስ አምኖ እጁን ሰደደ፣ ኮረንቲውም ወርውሮ ከፍሪጁ ጋር አላተመው።

የጣቶቹ ጫፍ ጠቁሮ ነበር። ደንግጬ የልጄን ክንድ ይዤ «አንቺ፣ ምን አጠፋሽ?» ስላት፣ እያለቀሰች «መብራት» አለችኝ።

ኤርሚያስ ወለሉ ላይ እንደተቀመጠ «እሷ ያጠፋችው መብራት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ።

እማማ አስካለም «መቀለድ ከቻለስ ነፍሱ አለች፤ ተነሡ፣ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አሉ።

ተስፋዬ ወስዶት፣ ልቡ ደህና ነው ተብሎ ሲመለሱ ኤርሚያስ ሁሉን ነገረን። ኮረንቲ መኖር አለመኖሩን በመሣሪያ ሳይለኩ ሽቦ መንካት ክልክል እንደሆነ፣ ሰው ቤት ብቻውን መሥራትም እንደማይፈቀድለት፣ ሰኞ ለአለቃው ራሱ እንደሚናገር። ያባርሩሃል፣ ዝም በል ብዬ ለመንኩት።

«እትዬ፣ ዛሬ ዝም ካልኩ ነገም ሳልለካ እነካለሁ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አልመጣም። በረዶው ሳይቀልጥ ተስፋዬ ዙሪክ ሥራ አግኝቶ እዚያው አጠገብ ወዳለችው አድሊስቪል ስንዛወር ብደውልም ስልኩ አይነሳም ነበር።

ዘንድሮ ሊያ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ዛፎቹ ሲያብቡ፣ እዚህ ሌረ የሚሉትን ያንኑ በደመወዝ መማር፣ ያውም የኤሌክትሪክ፣ አግኝታ የወላጅ ፊርማ የሚጠይቅ ውል አመጣችልኝ። ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ደብቄው ከረምኩ። ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም፣ እሷ ግን አውቃዋለች።

«ማሚ፣ ሰው መብራቱ ጠፍቷል ቢለኝ እኔ አላምንም። እለካለሁ» አለችኝ።

ውሉን ከመሳቢያው አውጥቼ ፈረምኩላት።

ባለፈው ሳምንት የሳሎኑን ሶኬት አጥብቂልኝ ብላት፣ ተማሪ ብቻውን አይነካም ብላኝ ለቤቱ አስተዳዳሪ በጀርመንኛ ደውላ በሁለት ደቂቃ ጨረሰች። ያኔ እኔ ያን አንድ ስልክ ፈርቼ የሰው ልጅ አደጋ ላይ ጣልኩ።

ኤርሚያስ እውነቱን ተናግሮ ሥራው ላይ ቆይቶ ይሁን፣ በእኔ ምክንያት ተባርሮ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጄኔቫ ያላችሁ፣ የምታውቁት ካላችሁ፣ ትምህርቱን መጨረስ አለመጨረሱን እባካችሁ ንገሩኝ።