ኪሎ ሜትር የሚሉት ባሌ

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «ኪሎ ሜትር» እያለ ነው የሚጠራው። ስሙን ያወጡለት የታክሲው ተሳፋሪዎች ናቸው። አንዱ ገብቶ «እዚያ ድረስ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ካለው አለቀለት፤ «ድንች ነው እንዴ በኪሎ የምትጠይቀኝ?» ይለውና ትምህርቱን ይጀምራል። ኪሎ በግሪክ ሺህ ማለት ነው፣ ሜትር ደግሞ መለኪያ፤ ሁለቱን አጋብተው አንድ ቃል ያደረጓቸው ፈረንሳዮች ናቸው። እነሱ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ር» ከጉሮሯቸው ነው የሚያወጧት፣ እኛ ግን በምላሳችን እናንቀጠቅጣታለን እያለ አፉን አጣሞ ያሳያል። ጎኑ የተቀመጥኩ እንደሆነ በክርኔ እጎሽመዋለሁ። ሰውዬው እኮ የጠየቀው መንገዱን ነው!

ከሁሉ የሚወደው ግን የቃሉን ታሪክ ነው። ድሮ ገዥውም ነጋዴውም በየራሱ መለኪያ እየለካ ሰው ሲያታልል፣ ሊቃውንቱ ለምን ምድርን ራሷን አንለካም አሉ። ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለውን ርቀት ለአሥር ሺህ ከፋፈሉትና አንዷን ኪሎ ሜትር አሏት። «የማንም ክንድ አይደለችም፤ ማንም አያሳጥራትም» ይል ነበር። እኔ ፊት ለፊት አሾፍበታለሁ እንጂ ሆዴ ደስ ይለው ነበር። እንዲህ ልክ የሚወድ ሰው ቤቱን አይዋሽም ብዬ ነው ያገባሁት።

አሮጌዋ ታክሲ አልነሳ ስትል ታላቅ ወንድሜ ሌላ አገኘሁላችሁ አለ። ወንድሜ መካኒክም ደላላም ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ጋሼ ነው የምለው። ሌላ ሹፌር መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ የፍሬን ፔዳሉን ላስቲክ ያያል፤ ላስቲኩ ካለቀ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የፈለገውን ቢል መኪናዋ ብዙ ሄዳለች ማለት ነው። የኔው ጉድ ግን ቆጣሪውን አይቶ ቀና አለ። ሰማንያ ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል፣ ያመጣው የሚስቴ ወንድም ነው፣ ከዚህ ወዲያ ምን ልፈልግ አለ። አሮጌዋን ሸጥን፣ የስፌት ማሽኔንም ጨመርኩበት። መኪናዋን ገዛናት፤ እንጀራችን ሁሉ እሷ ላይ ሆነ።

ክረምት ሳይገባ መኪናዋ ተሳፋሪ እንደጫነች ሞተሩ መንገድ ላይ ቆመ። የከፈተው መካኒክ ጎንበስ ብሎ ፔዳሉን አየና አዘነልን። ቆጣሪው ወደ ኋላ ተመልሷል፣ ሞተሩም ያለቀለት ነው አለን።

እኔ ጋሼም ተታሎ ነው ብዬ ነበር። ጋራዡ ሄደን ስንነግረው ማለና ተገዘተ። ባሌ እንግዲያው ሦስታችንም ሻጩ ዘንድ እንሂድ ሲለው ነው የተንተባተበው። ቆጣሪውን ያስመለሰው ራሱ ነበር። ሁሉም ሰው እኮ ያደርገዋል አለ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ የኔው ሥጋ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ባሌ እከስሃለሁ አለው። ያን ጊዜ ወንድሜ፣ ያ ያሳደገኝ ሰው፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣

«ብትከስ ሚስትህንም ክሰስ። እሷም ታውቅ ነበር» አለው።

እኔን ሊያይ እንኳ ዞር አላለም።

ቤት እንደደረስን ባሌ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠና፣

«ታውቂ ነበር?» አለኝ።

በልጆቼ ማልኩለት፤ አውቄ እንደሆነ ልጆቼን ይንሳኝ አልኩ። ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየፈታ «አምኜሻለሁ» አለ።

ክሱን ተወው። አሁን በሰው መኪና ተቀጥሮ ይነዳል። አስታራቂ ገብቶ ከወንድሜ ጋር ታርቀዋል፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ። ወንድሜ ጥፋቱን አምኗል፣ እሱም ይቅር ብሎታል። እኔን ምን ብሎ ይቅር ይበለኝ? አላጠፋሁማ!

ጠዋት አብረን ስንወጣ «ምድጃውን አጥፍቼዋለሁ» እለዋለሁ። «እሺ» ይለኛል። ከዚያ ተመልሶ ይገባና ያየዋል።