ረቡዕ ቀን የተፈቀደልኝ ወተት

የሱዳኑ ጦርነት ሳይነሳ፣ ሐጅ ዩሱፍ የሚባል ሰፈር ሳለን ነው። ማህፀኔ ወደ ታች ይወርድብኝ ነበር። ባልዲ ባነሳሁ ቁጥር አንዳች ነገር ሊወድቅ የመጣ ይመስለኛል። አፍሬ ለማንም ሳልናገር ዓመታት ቆየሁ። ኋላ ልጄ ደረሰችበትና እየጎተተች ሆስፒታል ወሰደችኝ። ዶክተሩ ማህፀኔን አወጣው። ሱዳኖች ትልቅ ሴትን፣ ክርስቲያንም ትሁን ሙስሊም፣ «ሃጃ» ነው የሚሉት። «ያ ሃጃ፣ ከእንግዲህ እንደ ልጃገረድ ትሮጫለሽ» አለኝ፤ ተሳስቀን ተለያየን።

ቁስሌ ደርቆ ሥራዬን ስጀምር ግን የሰው ጠባይ ተለወጠብኝ። በአህያ የሚጎተተው የውሃ ካሮ ሲመጣ ተራ የምንይዘው በባልዲ ነው። በዚያ ተራ ከጎረቤቴ ጋር ስንቴ ተጣልተናል! ያን ዕለት ገና ስታየኝ፣

«እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች።

«ያንቺ ባልዲ ከእኔ በፊት ነው። ተራሽን ውሰጂ!»

«ኧረ ግድ የለም።»

«እኔ ግድ አለኝ!» ብዬ ባልዲዋን ራሴ ገፋሁላት። ዓይኗ እንባ አቀረረ። በውሃ ተራ ስንሰዳደብ እንጂ ስንላቀስ አይቼ አላውቅም።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ቀሚሴን አጥቦ፣ ከነሳሙናው አስጥቶታል።

«ምን ነካህ?»

«ሥራ ፈትቼ ነው።»

ሥራ የፈታበት ቀን ሞልቷል፤ ልብስ ግን አጥቦ አያውቅም።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ የንስሐ አባታችን መጡ። ኦፕራሲዮን ሆኜ ስተኛ ልጄ የሥጋ ሾርባ እንዲፈቅዱልኝ ብትለምናቸው «ምስርም ሾርባ ይሆናል» ያሉ ሰው ናቸው። ጸሎት አድርሰው ሲያበቁ፣

«ልጄ፣ ወተት ጠጪ። ረቡዕም፣ ዓርብም» አሉኝ።

«አባታችን፣ ድኜ እየሠራሁ?»

«ጠጪ ብያለሁ።»

ልጄ ወተቱን በኩባያ ይዛ ብቅ አለች። አስቀድማ አፍልታው ኖሯል። ያኔ ነገሩ ገባኝ።

አባታችንን ሸኝቼ በሩን ዘጋሁት።

«አሁን ተናገሩ። ምን አለብኝ?»

ልጄ አባቷን አየች፤ እሱ ጣራውን አየ። እኛ ዘንድ ክፉ በሽታ ለበሽተኛው አይነገርም። ዘመድ ይሰማል፣ ዘመድ ያለቅሳል፣ በሽተኛው ወተት ይጠጣል።

«የወጣው ማህፀን ተመርምሮ…» አለ ባለቤቴ።

«እሺ?»

«ያ ነገር ተገኘበት።»

«ስም የለውም?»

«አንቺ ሰው፣ አትጨክኚብኝ።»

«ስሙን ጥራው!»

«ካንሰር» አለና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ቁጭ አልኩ። ድንጋጤው ሳይወጣልኝ ንዴቱ መጣ።

«ጎረቤት ሰምቶ እኔ ልቅር?»

«እኔ ነኝ የነገርኳት። ማን ጋ ላልቅስ?» አለች ልጄ።

ለካስ እሱ አገር ቤት ጠበል ሊወስደኝ፣ እሷ እዚሁ ልታሳክመኝ ሲከራከሩ ሰንብተዋል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

«በኔ ሰውነት ላይ እኔ ሳልኖር ሸንጎ ተቀመጣችሁ?»

«ከሰማሽ ትሰበሪያለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለ ባለቤቴ። ራሱን ወደ ትከሻዬ ሳብኩት።

«የኔ ሞኝ፣ ቀሚሴን በሳሙና ያደረቅኸው ለዚህ ነው?»

እያለቀሰ ሳቀ። ልጄም መጥታ መሃላችን ገባች።

በነጋታው «ያላ፣ እንሂድ» ብለን ሦስታችንም በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ለባለቤቴ ማስረዳት ጀመረ።

«ዶክቶር፣ ማህፀኑ የማን ነበር?» አልኩት በዓረብኛ።

ባለቤቴ ከወንበሩ ተነስቶ አስቀመጠኝና እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ከኋላዬ ቆመ። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞሮ ከመጀመሪያው ጀመረ። በሽታው በጊዜ ተገኝቷል፤ እንዳይመለስ ግን የጨረር ሕክምና ያስፈልገኛል። ምን ያህል እንደሚያደክመኝ ጠየቅሁት። ባልወስደውስ ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ሁሉንም መለሰልኝ።

ቀና ብዬ ባለቤቴን አየሁት። አፉ ጠበል ሊል ዳድቶት ነበር፤ ዋጠው።

«አንቺ እንዳልሽ» አለኝ።

«ጨረሩን ጀምሩልኝ» አልኩ።