ሚስቴ የምትማርበት ፒያሳ

ቅዳሜ ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ ገና አልለቀቀም። መናኸሪያው ውስጥ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሚኒባሱ እስኪሞላ ይጠብቃል። እኔ አዲስ ብርድ ልብስና አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ ታቅፌ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጫለሁ። ሁለቱም ለሰናይት ናቸው።

ሰናይት ባለቤቴ ናት። ሁለታችንም ጤና መኮንኖች ነን፤ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር የምንሠራው። በኅብረተሰብ ጤና ፖሊሲና አመራር ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር አብረን ተፈተንን፣ አብረን አለፍን። አለቃችን ግን ከሁለት አንዳችሁን ብቻ ነው የምለቀው አሉ። «አንቺ ሂጂ» ያልኩት እኔው ነኝ። ስናገረው ቀላል ነበር።

ረፋድ፣ ሸኖ

መኪናው ገና ሳይቆም ቅቤ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ሹፌሩ በእጁ መዘን፣ አሽትቶ፣ ተከራክሮ ገዛ።

«አንተስ ለቤትህ አትይዝም?» አለኝ።

«ባለቤቴ አዲስ አበባ ናት፤ ትማራለች።»

«ልጅ አላችሁ?»

«አንዲት ሴት ልጅ፣ ሶስና። ከኔ ጋር ናት።»

በመስታወቱ አየት አደረገኝና «ጎበዝ!» አለ። ሰው ጎበዝ ባለኝ ቁጥር ውስጤን ይቆጠቁጠኛል።

ቀትር፣ ፒያሳ

ላምበረት መናኸሪያ ወርጄ በታክሲ ወደ ፒያሳ። ረዳቱ የታቀፍኩትን አይቶ፣ «ፋዘር፣ ብርድ ልብሱ ወንበር ይፈልጋል ወይስ አንተው ታቅፈኸው ትሄዳለህ?» አለ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ።

ፒያሳን ካየሁ ቆይቻለሁ። ቀለበታችንን የገዛንበትን ወርቅ ቤት ፈልጌ አጣሁት፤ ቦታው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። ሰናይት የቀጠረችኝ ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ ያለ ካፌ ነው። ከሦስት የክፍል ጓደኞቿ ጋር ላፕቶፕ ከፍተው ተቀምጠዋል። ተነስታ አቀፈችኝ። ከስታለች፣ አምሮባታል።

«ለሰኒ ማኪያቶ፣ ያለ ስኳር» ብሎ አዘዘ ዮናታን የሚባለው ረጅሙ። እኔ ሰኒ ብያት አላውቅም። ስኳር መተዋንም አላውቅም ነበር።

ሰኞ ክፍል ፊት የሚያቀርቡትን እየተለማመዱ ነው፤ ሰዎች የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ በኋላ ለምን እንደማያድሱ። ሰናይት ስትናገር ሦስቱም ዝም ብለው ያዳምጣሉ። እኔም አንድ ነገር ልበል ብዬ፣ ካርዳቸውን ይዘው መጥተው መድኃኒት አልቋል ስላልኳቸው አባት ነገርኳቸው። አንጀቴን የበሉኝ ሰው ናቸው፤ ሁለተኛ አልመጡም።

«ጥሩ ምሳሌ ነው!» አለ ዮናታን፣ ጻፈውና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ። ስንት ዓመት የሠራሁበት ጤና ጣቢያ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምሳሌ ሆኖ ቀረ።

ልንነሳ ስንል ደግሞ ዮናታን ትከሻዬን መታ አድርጎ፣ «ሰኒ ስትመረቅ እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆና እንድትቀር መጠየቋን ነግራሃለች አይደል? ኮራንባት እኮ!» አለኝ።

ሰናይት ሲኒዋን አስቀመጠች። አልነገረችኝም ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ቸርችል ጎዳና

ቁልቁለቱን ጎን ለጎን ወረድን። ከሱቆቹ ደጃፍ ሙዚቃ ይጮኻል። በመጨረሻ እኔ አመለጠኝ።

«ከሰው አፍ መስማት ነበረብኝ?»

«ፊት ለፊት ልነግርህ ብዬ ነው። ገና መልስ አልሰጠሁም።»

«ለሱ ግን ነገርሽው።»

«ሲጠይቁኝ አጠገቤ ነበር።» ቆም አለች። «በሱ ነው የቀናኸው?»

አዎ ልላት ምንም አልቀረኝም። በወንድ መቅናት ለመናገር ይቀላል። «በሱ አይደለም» አልኳት፤ «ባንቺ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የኔም ወንበር ነበረ።»

ወደኔ ዞረች። ከዚያ፣ «ሶስና የመጀመሪያ ጥርሷ ሲነቀል ማን ነበር አጠገቧ?» አለችኝ።

«እኔ።»

«ጣራ ላይ ስትወረውረውስ?»

«እኔ።»

«ፎቶውን ላክህልኝ። ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብዬ ነው ያየሁት። ያን ቀን አንድ ገጽ አላነበብኩም። የምትቀናው አንተ ብቻ መሰለህ?» ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ሽቅብ ተመለስን። አፍንጮ በር የተከራየቻት ክፍል እስክንደርስ እጇን ያዝኳት።

እሑድ፣ መልስ ጉዞ

ላምበረት ልትሸኘኝ መጣች። መኪናው ሊነሳ ሲል በመስኮቱ፣ «ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«እሺ በያቸው።»

«ከልብህ ነው?»

«ልቤ ገና ይቃጠላል። አንቺ ግን እሺ በያቸው።»

መንገዱን ሁሉ ስናደድ መጣሁ። በሷ ስናደድ፣ በአለቃችን ስናደድ፣ «አንቺ ሂጂ» ባለው አፌ ስናደድ። የሸኖ ሜዳ ላይ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን አንድ ነገር ገባኝ። የሁለተኛ ዲግሪው ፈተና በየዓመቱ አለ፤ ሶስናም ትምህርት ቤት ገና መጀመሯ ነው።

በር የከፈተችልኝ ልጄን ስትጠብቅልኝ ያደረችው እህቴ ናት። ሶስና ከኋላዋ ሮጣ እግሬ ላይ ተጠመጠመች።

«እናቷ ደህና ናት? መቼ ነው የምትመለሰው?» አለች እህቴ።

ልጄን አንስቼ ታቀፍኳት።

«አትመለስም» አልኩ። «እኛ ነን የምንሄደው።»